ስፖንጅ የለበሰው ቤት

ወንድሜ ግድግዳ አልብሷል። ቀለም ቀብቷል ወይም ወረቀት ለጥፏል ማለቴ አይደለም። ሶፋ እንደሚለበሰው፣ ስፖንጅ ከሥር፣ ሌዘር ከላይ፣ መሃል መሃሉ ላይ ቁልፍ እየተደረገበት፣ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ አልብሶታል። በሩን አልብሷል። የበሩን እጀታ፣ የጠረጴዛውን እግር፣ የመስኮቱን ደፍ፣ ምን ቀረ ብላችሁ ነው፣ የመጸዳጃውን መቀመጫ ሳይቀር አልብሷል። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ልብሱን በሙሉ የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ለሚስቁብን ሰዎች ደግሞ መልሴ አንድ ነው፦ ሶፋ ሠሪ ሲጨንቀው ሌላ ምን ያድርግ? አንዱ ሲጨንቀው ይጠጣል፣ አንዱ ይጸልያል፣ የኛው ሰው ስፖንጅ ያነሳል።

የጭንቀቱ ምክንያት ልጁ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው። ስም አላት፣ ግን ከእናቷ በቀር በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁላችንም ኮሎኔል ነው የምንላት። ግማሽ ዕድሜዋን በጀሶ ታስራ ተጋድማ ስላሳለፈች፣ ከተጋደመችበት ሆና ቤቱን በሙሉ ማዘዝ ለምዳለች። "መጋረጃውን ግለጡት። ሬዲዮውን ቀንሱት። አክስቴ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ነው የተቆጣሽው?" ትለኛለች። እኔ እንኳ በተፈጥሮዬ ቁጡ አይደለሁም፤ ሰዎች ያስቆጡኛል እንጂ።

ገና ጨቅላ ሳለች ነው የጀመረው። እናቷ ዳይፐር ስትቀይርላት ጭኗ ቀጭ አለ። እሱ ሳይድን ክንዷ፣ ክንዷ ሲድን ሌላው ጭኗ። መጀመሪያ የወሰድናት ቦታ አንድ ሐኪም የራጅ ፊልሙን አየ፣ እኛን አየ፣ ደግሞ ፊልሙን አየ። ልጅ የምንደበድብ መስሎታል! እኔ ያዙኝ ልቀቁኝ አልኩ። የወንድሜ ሚስት ግን ልጇን አቅፋ እንባዋን ዝም ብላ አፈሰሰችው። እስከ ዛሬ ያን ሰውዬ መንገድ ላይ ባገኘው አልለቀውም።

አራት ዓመት ሲሞላት ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላክን። እዚያ አንዲት የሕፃናት ዶክተር ልጅቷን እንኳ ሳትነካ ዓይኗን ብቻ አየችና "የዓይኗ ነጩ ክፍል እንዲህ ሰማያዊ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብላ ጠየቀችን። እኛ እኮ ውበት መስሎን ስንኮራበት የኖርነው ነገር ነው! ጎረቤት ሁሉ "ዓይኗ ሲያምር" ሲለን "ከአክስቷ ወስዳ ነው" እያልኩ ስሸልል ነበር።

"በዘር የሚመጣ የአጥንት መሳሳት ነው፤ እምብዛም የማይገኝ ነው" አለች ዶክተሯ።

በዘር ስትል ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። የወንድሜ አማት እኔን አየችኝ፣ እኔም እሷን አየኋት።

"በኛ ዘር አጥንቱ የተሰበረ የለም፤ የሰው አጥንት የሰበረ እንደሆን አላውቅም" አልኩ።

"በኛም የለም፤ የኛዎቹ ዘጠና ዓመታቸው ጣራ ላይ ይወጣሉ" አለች አማቲቱ።

"ከማንም ላይሆን ይችላል" አለች ዶክተሯ። "አንዳንድ ጊዜ ልጁ ላይ ራሱ ይጀምራል። የማንም ጥፋት አይደለም።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥፋተኛ በማጣታችን ሁለታችንም ትንሽ ቅር ብሎናል።

ከዚያ ስለ መድኃኒቱ ነገረችን። ዶክተሯ ስታስረዳ አትቸኩልም፤ ስለዚህ እወዳታለሁ። "አጥንት እንጨት አይደለም። ሰው እስካለ ድረስ በአንድ በኩል ይፈርሳል፣ በሌላ በኩል ይገነባል። እሷ ላይ ገንቢዎቹ ደካማ ናቸው፤ አፍራሾቹ ግን አይደክሙም።"

"አፍራሽ ግብረ ኃይል!" አለ ወንድሜ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ።

"ይሁን፣ ግብረ ኃይል እንበለው። መድኃኒቱ አፍራሾቹን ያስተኛቸዋል። እነሱ ሲተኙ ገንቢዎቹ ፋታ ያገኛሉ። በሽታውን ከሥሩ አይነቅለውም፤ ያንን የሚያደርግ መድኃኒት ገና የለም። ግን አጥንቷ ይወፍራል፣ ስብራቱም ይቀንሳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። በየስድስት ወሩ በደም ሥር ይሰጣታል።"

"ስሙ ማነው መድኃኒቱ?"

"ዞሌድሮኒክ አሲድ።"

ወንድሜ ክው አለ። "አሲድ? ዶክተር፣ የባትሪውን ነው?"

"ሎሚም እኮ አሲድ አለው" አለች፣ ሳትስቅ። እኔ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ኮሪደር ወጣሁ። እዚያ ስደርስ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ማንም ሰው ስለዚህች ልጅ "ተስፋ" የሚል ቃል ተናግሮን አያውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ጠብታ የወሰደች ዕለት ኮሎኔል ክፍሉን በሙሉ ተቆጣጠረችው። ደም ሥሯ እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ሲስተር ስትፈልገው ላብ በላብ ሆነች። "ሲስተር፣ ግራ እጄ ላይ ሞክሪ፣ እሱ ነው ታዛዡ" አለቻት። እውነትም ግራው ላይ ተገኘ። ከጎኗ የተኛውን ልጅ "አልቅስ፣ ግን እጅህን አታንቀሳቅስ" ብላ መከረችው። ዶክተሯ አስቀድማ ነግራን ነበር፤ መጀመሪያ ጊዜ ትኩሳት ይነሳባታል፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይቆረጣጥማታል፣ በሁለት ቀን ይለቃታል ብላናለች። ወንድሜ ይህንን ሰምቶ ጭንቅላቱን ነቅንቆ፣ "ገብቶኛል" ብሎ ነው የወጣው። በማግስቱ ልጅቷን ሲያተኩሳት ግን ምድር ቁና ሆነችበት። "አሲዱ ነው! ብዬ ነበር!" እያለ ሆስፒታሉን በስልክ አናወጠው። መጨረሻ ላይ ሲስተር ስልኩን ስታነሳ ሃሎ ሳይላት ገና በትንፋሹ ታውቀው ጀመር፤ "አባት፣ ማስታገሻውን ስጣትና ተኛ" ትለውና ትዘጋበታለች። ትኩሳቱም እንደተባለው ለቀቃት። ወንድሜ ግን ለቀናት ፊቱን እንደጣለ ቆየ፤ ልክ ሳይሆን ሲቀር ደስ የማይለው ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየተለመደ ሄደ። የካልሲየሙን ኪኒን ኮሎኔል "ጠመኔ" ትለዋለች፤ እየተደራደረች ነው የምትውጠው። ስብራቱም ቀነሰ፣ ያውም በጣም ነው የቀነሰው። ከዓመት በኋላ የተነሳችውን ፊልም ዶክተሯ መብራቱ ላይ ስትሰቅለው፣ አጥንቱ ጫፍ ላይ ነጫጭ መስመሮች ተሰልፈው አየን።

"እያንዳንዱ መድኃኒት አንድ መስመር ትቶ ያልፋል" አለች ዶክተሯ። "እያደገች ስለሆነ መስመሮቹ ይራራቃሉ።"

"ማዕረጌ ነው" አለች ኮሎኔል። ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ነበርና ተረከዟን አጋጭታ ሰላምታ ሰጠቻት።

አጥንቱ እንዲህ ቢያምርም አንድ ነገር ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ኮሎኔል አትቆምም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ቀጥ ያለ ሰው ነው። ወገቡ ቀጥ ያለ፣ ሱሪው በካውያ የተተኮሰ፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ። "እንቅስቃሴ" ሳይል ዓረፍተ ነገር ስለማይጨርስ እኛ ቤት ስሙ እንቅስቃሴ ሆኖ ቀርቷል። እሱ ዘንድ ስትሄድ የመለማመጃ ብረት ይዛ ለአፍታ ትቆማለች። ቤት ስንመለስ ግን ገና ከመነሳቷ ጉልበቷ ይከዳታል።

"ቤት ታለማምዷታላችሁ?" ብሎ ጠየቀን።

"በየቀኑ!" አልነው በአንድ ድምፅ። ውሸት አልነበረም። ጠዋት እናቷ፣ ቀን እኔ፣ ማታ አባቷ ብብቷን ይዘን እናቆማታለን። ስንለቃት እጥፍ ብላ ቁጭ ትላለች።

"ይሄ አይገባኝም" አለ እንቅስቃሴ። "ጡንቻዋ አለ፣ አጥንቷ ተሽሎታል። ነገር ግን አድምጡኝ፣ አጥንት ሸክም ካላየ ይሰንፋል። መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። ዘንድሮ በእግሯ ካልቆመች ያ ሁሉ የደከምንበት ተመልሶ ይሳሳል። ከዚያ በኋላ ማቆም ደግሞ ከዛሬው ይከብዳል።"

ኮሎኔል ይሄን ሁሉ ትሰማለች። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ምንም ትእዛዝ አልሰጠችም። ትምህርት ቤት በራሷ እግር ገብታ የመጀመሪያው ወንበር ላይ መቀመጥ ነው ምኞቷ፤ የመጀመሪያው ወንበር ለምን እንደሆነ ስጠይቃት "ከዚያ ሆኜ ነዋ ሁሉንም የማዘው" ብላኛለች። በዚያ ቀን ግን መስኮቱን እያየች "አክስቴ፣ እግሬ ነው ሰነፉ ወይስ እኔ ነኝ?" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

እንግዲህ እናንተ የገባችሁ ነገር እኛን ለምን እንዳልገባን አትጠይቁኝ። ግድግዳ ያለበሰ ሰው ወለል ይተዋል? ወለሉንማ ከሁሉ በፊት ነው ያለበሰው! ከበር እስከ ጓዳ አራት ጣት የሚሆን ስፖንጅ፣ ላዩ ላይ ቡናማ ሌዘር፣ ዳር ዳሩ በስቴፕለር ተመትቶ። ሲረግጡት እግር ስምጥ ይላል። እኛ ለምደነዋል። ጉልበት ከፍ አድርጎ፣ እጅ ከጎን ዘርጋ አድርጎ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ መሄድ ነው። ይኸው አካሄድ መንገድ ላይም ተከትሎን ወጥቷል። ሰፈር ውስጥ ልጆች "ዳክዬዎቹ መጡ" ይሉናል። እኔ ስድብ መስሎኝ ስንቱን አባርሬያለሁ፤ ለካ እውነታቸውን ነው።

እንቅስቃሴ "ቤታችሁ መጥቼ ልይ" ሲል ወንድሜ ደስታውን አልቻለውም። ሊሸልሙት የሚመጡ ነው የመሰለው። የነተበውን ሌዘር ቀየረ፣ በሩ ሥር አዲስ ስፖንጅ ደረበ፣ እኔንም ሌሊቱን ሙሉ ሊያሰፋኝ ፈልጎ ተጣላን። "እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ካየው ለሌሎች ወላጆችም ሥራልን ማለቱ አይቀርም" አለኝ።

እንቅስቃሴ መጣ። በእጁ አራት እግር ያለው መደገፊያ ይዟል፤ ለኮሎኔል በቁመቷ የተሠራ ትንሽ ብረት ነው። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ "እንደምን ዋላችሁ" ብሎ አንድ እርምጃ ገባ።

ሁለተኛዋን አልደገማትም። ግራ እግሩ ሰመጠ፣ ቀኙ ሊደርስለት ሲል እሱም ሰመጠ፣ ወገብ ወዲያ ራስ ወዲህ ሆነና ሰውዬው በአፍጢሙ ተደፋ። ምንም አልተጎዳም፤ በዚያ ቤት ውስጥ መጎዳት አይቻልም። ሊነሳ በእጁ ተመረኮዘ፣ እጁ ሰመጠ። በጉልበቱ ተነሳ፣ ግድግዳውን ያዘ፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ገባለት። ወንድሜ በኩራት "አየህ? ድንጋይ ቢወድቅ አይሰበርም!" ይላል። እኔ ጥርሴን ነክሻለሁ። ኮሎኔል ከተቀመጠችበት "ጉልበትህን ከፍ አድርግ! እጅህን ዘርጋ!" እያለች ታዘዋለች።

በመጨረሻ ቁጭ ብሎ ቀረ፤ መቆሙን ተወው። መደገፊያውን ወለሉ ላይ አቆመና በእጁ ጫን አለው። አራቱም እግር ስምጥ አሉ፣ ብረቱም ወደ ጎን ጋደለ። እንደገና አቆመው፣ እንደገና ጋደለ። ከዚያ ወንድሜን ቀና ብሎ አየውና እንዲህ አለ፦

"እኔ አርባ ዓመት ሙሉ በእግሬ የሄድኩ ሰው ነኝ። አሁን እዚህ መቆም አቃተኝ። ይቺ ልጅ እንዴት ትቁም?"

ኮሎኔል ወደ እግሯ ጎንበስ አለች።

"እግሬ አይደለም?" አለች ኮሎኔል።

"እግርሽ ምንም አልሆነም። ወለሉ ነው።"

የልጅቷን ፊት ብታዩት! በርቶ ጠፋ፣ ጠፍቶ በራ። ደስ አላት፣ ወዲያው ደግሞ ተናደደች፤ ከዚያ አባቷን አየችውና አሳዘናት። ወንድሜ ፊቱ አመድ መስሏል። እኔም እጄን አየሁት፤ ያን ሁሉ ሌዘር የሰፋው እጅ ነው።

"ወለሉን ንቀሉት፤ ባዶ ሲሚንቶ ነው የምፈልገው" ብሎ እንቅስቃሴ በአራት እግሩ እየዳኸ ወጣ። ጫማውን ሲያደርግ ሱሪው ላይ የካውያው መስመር ጠፍቶ ነበር።

ወንድሜ ይንቀል መሰላችሁ? ጆሮ ዳባ ልበስ አለ! መጀመሪያ "ሰውዬው ሚዛን የለውም" አለ። ከዚያ ድርድር ጀመረ፤ ሶፋ እንደሚገዛ ሰው። አራት ጣቱን ወደ ሦስት ላውርደው፣ ከወር በኋላ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ምንጣፍ እናድርግ። "ኧረ ወዲያ! ሲሚንቶ ነው የተባልከው" ስለው "እትዬ፣ ሲሚንቶ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" ብሎ ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ ሲሚንቶ አውሬ ነው እንዴ? በመጨረሻ እሺ አለና ፒንሳውን አንስቶ የስቴፕለሩን ሽቦ አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። እያንዳንዱን ሽቦ ነቅሎ ያየዋል፣ ያቃናዋል፣ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በዚያ አያያዙ ኮሎኔል ጡረታ ትወጣ ነበር።

የወንድሜ ሚስት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናት። ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ስትጨቃጨቅ ውላ ስለምትመጣ ቤት ውስጥ ብዙ ቃል አታባክንም። በዚያ ምሽት ገብታ፣ ባሏ ሽቦ ሲያቃና አይታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ "እኔ ልጄ እንድትቆም ነው የምፈልገው" አለችው። "አንተ እሷ እንዳትወድቅ ነው የምትፈልገው። ስንት ዓመት አንድ ነገር የምንፈልግ መስሎኝ ነበር።"

ወንድሜ ፒንሳውን ያዘና ቀረ። እኔ ከዚያ በላይ አልጠበቅኩም። የስፖንጅ መቁረጫውን ቢላ አነሳሁና ከበሩ ጀምሬ ሌዘሩን ሸረከትኩት። እሱ "እትዬ! እትዬ!" ይላል፣ ሚስቱ በአንድ በኩል ትስባለች፣ ኮሎኔል "ወደ ግራ! በርቱ!" ትላለች። ከሥሩ የወጣው ጉድ! ሦስት ማንኪያ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ "ማን ወሰደው" ብለን ከጎረቤት የተኮራረፍንበት መቀስ። ሲሚንቶው እርጥበት ጠጥቶ ጥቁር ሆኗል። ሦስታችንም ረግጠነው ቆምን። ጠንካራ ወለል እንዴት እንደሆነ ረስተነው ነበር፤ እኔ እንደ ልማዴ ጉልበቴን ከፍ አድርጌ ስራመድ ተረከዜ መሬቱን መታውና ጥርሴ ተንገጫገጨ።

በማግስቱ ኮሎኔል መደገፊያውን ይዛ ቆመች። ቆመች እላችኋለሁ! እግሯ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልታጠፈም። ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ እልል አልኩ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመረች ከግድግዳ እስከ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ እስከ በር መሄድ ጀመረች።

ወንድሜስ? ወለሉን ሲከለከል ራሱን አለበሰ! እውነቴን ነው፤ የሶፋ መቀመጫ ሆዱ ላይ፣ ሌላ ጀርባው ላይ፣ በቀበቶ አስሮ፣ ጉልበቱ ላይ ደግሞ የክንድ መደገፊያ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ከኋላዋ ይከተላታል። ብትወድቅ እሱ ላይ እንድትወድቅ ነው ዕቅዱ። ወደ ቀኝ ስትል ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስትል ወደ ግራ ይላል። "አባዬ፣ አትተንፍስብኝ" ትለዋለች። "አልተነፍስም" ይላታል፣ እያለከለከ። ደንበኛ ሶፋ ሊያሠራ መጥቶ በር ላይ ሲያየው የመጣበትን ረስቶ የሚመለስ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኮሎኔል ቤቱ መሃል ላይ መደገፊያዋን ለቀቀች። ማንም አላዘዛትም። ለቀቀችውና አንድ እርምጃ ወሰደች። ሁለተኛውን ልትደግም ስትል ተንገዳገደች። እኔ ጮህኩ። ወንድሜ በዚያ ሁሉ ስፖንጅ ተጠቅልሎ ወደ ፊት ዘለለ፣ ግን ዘግይቶ ነበር። እሷ በመቀመጫዋ ሲሚንቶው ላይ ዷ አለች። እሱ በላይዋ አልፎ እጁን ዘርግቶ ወደቀ፣ ያንንም ድምፅ ሰማን። ቀጭ!

ያ ድምፅ እኛ ቤት የታወቀ ነው። ሁላችንም ወደ ኮሎኔል ነው የዞርነው። እሷ ቁጭ ብላለች፣ ዓይኗን ጨፍናለች፣ አትንቀሳቀስም።

"ዝም በሉ፤ እየሰማሁ ነው" አለች።

እግሯን አዳመጠች፣ ጭኗን፣ ወገቧን። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። "እኔ አይደለሁም" አለች።

ያኔ ነው ወንድሜ ሲያቃስት የሰማነው። እጁ ከአንጓው ላይ የሹካ ጀርባ መስሎ ጎብጧል። ስፖንጁ ደረቱን፣ ጀርባውን፣ ጉልበቱን ጠብቆለታል፤ እጁን ማልበስ ረስቷል።

"አባዬ፣ አታንቀሳቅሰው" አለች ኮሎኔል፣ ድምፅዋ ቀጥ ብሎ። "አክስቴ፣ ካርቶን አምጪ። ከሥሩ አድርጊው። በሻርፕሽ እሰሪው፣ አታጥብቂው። እማዬ፣ ታክሲ።" እኔ ገና እዚያው ቆሜ ነበር። "አክስቴ!" ስትለኝ ነው የነቃሁት።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ሲስተር ከሩቅ አይታን ሮጠች፤ "ኮሎኔል! የትኛው ነው ዛሬ?" ብላ ልትሸከማት እጇን ዘረጋች። አልጋ ተገፍቶ መጣ፣ ሰው ሁሉ ልጅቷን ከበበ። ወንድሜ ኋላ ላይ በካርቶንና በሻርፕ ታስሮ፣ ሆዱ ላይ የሶፋ መቀመጫ ተሸክሞ ቆሟል፤ የሚያየው የለም።

"ሲስተር፣ ዛሬ እኔ አይደለሁም። እሱ ነው" አለች ኮሎኔል። ሲስተር አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየችና ሳቋን ለመደበቅ አልጋውን ማስተካከል ጀመረች።

ዶክተሯም ሰምታ ወረደች። መጀመሪያ የልጅቷን እግር ዳበሰች፣ ፊልም አስነሳቻት፣ መብራቱ ላይ ሰቀለችው። ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከተለችው። "በባዶ ሲሚንቶ ላይ?" አለች። "በባዶ ሲሚንቶ ላይ" አልኳት። "ምንም የለም። ስንጥቅ እንኳ የለም" አለችና መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። የወንድሜ ሚስት ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች፤ ስታለቅስ ድምፅ አውጥታ ስሰማት ያ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር።

የወንድሜን እጅ አቃኑት፣ ጀሶ አደረጉለት፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ኮሎኔል አጠገቡ ተቀመጠች። ላብ አጥምቆታል።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያምሽ?" አላት ወንድሜ።

"እንዴት?"

"እንዲህ። እስከ ጥርስ ድረስ።"

"አዎ፣ መጀመሪያ ላይ" አለችው። "ጀሶው ሲደርቅ ግን ይሞቃል። ጠብቅ፣ አሁን ይሞቅሃል።"

ወንድሜ ጣሪያውን አየ። እንባው በጆሮው በኩል ወረደ፤ ለመጥረግ የፈለገው በተሰበረው እጁ ነበርና አልሆነለትም።

"አባዬ፣ እጅህ ሲድን ሥራ ትተዋለህ?"

"ለምን እተዋለሁ?"

"ደግሞ እንዳትሰበር።"

ወንድሜ ጀሶውን አየው። ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ ወለሉ የሚያንጸባርቅ ጠንካራ ንጣፍ ነው። መደገፊያዋ ወንበሩ ጎን ቆሟል። ኮሎኔል እስከ ወዲያኛው ጫፍ ድረስ አየችው፤ እዚያ ሲስተር ቆማ መድኃኒት ትቆጥራለች።

"ሲስተር ጋ ልሂድ?"

"ሂጂ" አላት።

"ብወድቅስ?"

ወንድሜ መደገፊያዋን አቀረበላት።

"ትወድቂያለሽ፤ ከዚያ ትነሻለሽ" አላት።

ተነሳች። ብረቱን ይዛ ጀመረች፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ እግሯን ንጣፉ አዳለጣትና ወደ ጎን ዘመመች። ብድግ ስል ወንድሜ በደህናው እጁ ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘኝ።

"ቁጭ በይ፣ እትዬ" አለኝ።